ደምሴ ቸርኬና የኋላው ወንበር

ደምሴ ሞተ አሉኝ። የነገረችኝ በስተርጅናው ከተመለሰባት ከድሬዳዋ የመጣች ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ቆመን፣ እሷ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ ቲማቲም እየመረጥኩ።

«በመኪና ነው?» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«ኧረ በአልጋው ላይ ነው እትዬ፣ እንደተኛ።»

«ተመስገን!»

ሴትዮዋ እንደ እብድ አየችኝ። ሰው ሞተ ሲባል ተመስገን የሚል አይታ አታውቅማ! እሷ ምን ታውቃለች። ደምሴን የመኪና ቸርኬ ቢገድለው ኖሮ ድፍን ጅቡቲ «ምን ብለን ነበር!» እያለ ይስቅበት ነበር። በአልጋው መሞቱ ለሱ ማዕረግ ነው። ለቅሶውንስ ቤቴ ገብቼ አልቅሼለታለሁ። ገበያ መሀል ካለቀስኩማ ቲማቲሙን ማን ይቀንስልኛል?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሳህን ነው ስቆጥር የኖርኩት። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለሠራተኞች ቁርስና ምሳ የምሸጥባት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ከኔ ቀጥሎ፣ ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚለየን፣ የሮብሌ ጋራዥ አለ። ሮብሌ የአገሩ ሰው ነው፣ ጋራዡም የሱ ነው፤ ከመኪና የሚያውቀው ግን ጡሩምባውን ብቻ ነው። ሥራውን ጥርሱን ነክሶ የሚሠራለት ደምሴ ነበር። ደምሴ ቸርኬ እንለዋለን።

ለምን ቸርኬ እንደተባለ ልንገራችሁ። ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣ፣ ጎማ የሚለብስ ቸርኬ አለ፤ ያ የሚያብረቀርቀው፣ የአሉሚኒየሙ። እዚህ ሰዎቹ ጃንት ይሉታል። ሲመጣ ታዲያ መኪናው አብሮት አይመጣም። የማን እግር እንደነበረ እግዜር ይወቀው። አንዱ ከትልቅ ጂፕ የተፈታ ነው፣ አንዱ ከሀብታም አረብ መኪና የተፈታ ነው። የኛ ከተማ ሰው ደግሞ ቤቱ በር ባይኖረው ግድ የለውም፣ የመኪናው እግር ግን ማብረቅረቅ አለበት። ታክሲውን ብታዩት በሩ በገመድ ታስሯል፣ የወንበሩ ስፖንጅ ወጥቷል፤ እግሩ ግን የሙሽራ እግር!

እንግዲህ ያንን የሰው ቸርኬ፣ ለማይሆነው መኪና እንዲሆን ማድረግ ነው የደምሴ ሥራ። የመሀሉ ቀዳዳ ከጠበበ በቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚፍቀው ማሽን፣ ያሰፋዋል። ከሰፋ ደግሞ ልኩን ቀለበት አውጥቶ ይሰካለታል። «ተጋቡ» ይላል ያኔ፣ እጁን እየጠረገ። «ቀለበት ካደረጉ በኋላ መንቀጥቀጥ የለም።»

ቁመቱ ረጅም፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ሱሪው በገመድ የቆመ ሰው ነው። ኩራቱ ግን ከሱሪው በላይ ነው። ለቸርኬ «እርስዎ» ይላል፤ ለባለ መኪናው «አንተ»። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ቶርኖው ላይ ያስቀምጠውና፣ «እስቲ ቀስ ብለው ይዙሩልኝ፤ አዎ፣ እንደሱ፤ አይቆጡ» ይለዋል ለቸርኬው። ወዲያው ዞር ብሎ ባለቤቱን፣ «አንተ ከዚያ ሂድ፣ ብርሃን ከለከልካቸው!»

ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ይቀባ ነበር። የጅቡቲ ሙቀት መቼ ቀለም ያስቀምጣል? እኩለ ቀን ሲሆን ጥቁሩ በግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ይደርሳል። «ደምሴ፣ ጎርፍ መጣልህ» ስለው፣ «ግራሶ ነው እትዬ» ይላል፣ ፊቱ ሳይፈታ። ከቸርኬ ውጪ ስለሌላው ነገር የተናገረው ሁሉ ሐሰት ነው። ይዘንባል ካለ ፀሐይ ነው፤ ይህ ሰው ደግ ነው ካለ ሳህኔን ደብቃለሁ።

አንዷ ንግግሩ ግን እስከዛሬ ከአፌ አልጠፋችም። አንድ ባለ መኪና «የኔ ባለ ብዙ ቀዳዳ ነው» ብሎ ሲፎክርበት፣ «ቀዳዳ መብዛት ክብር አይደለም፤ ወንፊትም ቀዳዳ አለው» አለው። ይቺን ንግግር ስንቱ ባለሥልጣን ላይ እንደተረትኳት!

ደምሴ ወረቀት አልነበረውም። ለነገሩ ግማሻችን አልነበረንም። ፖሊስ አፈሳ ሲወጣ ሮብሌ ከጋራዡ በር ላይ «የኔ ሰው ነው!» ይልለታል፣ ያልፉታል። መታወቂያው ያቺ የሮብሌ ቃል ናት። ያቺ ቃል ከቀረች ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ድንበር መራገፍ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ የባቡሩ ሥራ ቀዝቅዞ፣ ቶርኖው ሸራ ለብሶ ነው ትቶት የመጣው። «እዚያ ብመለስ ምን እሆናለሁ እትዬ? ከቶርኖ አጠገብ ካልሆንኩ እጄ ይሞታል» ይለኝ ነበር። ጋራዡ ለሱ እንጀራም አገርም ነበር።

እኔ ደግሞ እዚያ ጋራዥ ሥራ ነበረኝ። አትሳቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ ባለ ታክሲ ሰፋፊ ቸርኬ አስገጥሞ ወጣ። ባዶውን ሲሄድ እንደ ቅቤ ነው። ሦስት ሰው ሲጭን ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቀዋል፣ ጭስ ይወጣል፣ ተሳፋሪው «ተቃጠልን!» ብሎ ይዘላል። ሰውዬው እየተሳደበ መጣ። ደምሴ አገጩን ይዞ ሲያስብ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳህን እለቅማለሁ። ዞር ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ዓይኑ ደግሞ የወንድ ዓይን አይደለም፣ የሚዛን ዓይን ነው።

«ምን ታያለህ አንተ?»

«እትዬ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ከኋላ ይቀመጡልኝ።»

ያኔ ሥጋ ነበረኝ። አሁን የምታዩት ትራፊው ነው። ስገባ ታክሲዋ «እህህ» አለች። ደምሴ መሬት ላይ ተንጋልሎ፣ በጎማውና በቆርቆሮው መሀል ጣቱን እየሰደደ፣ «ወደ ግራ ይንፏቀቁ… አሁን ብድግ ይበሉ… አሁን ይውደቁ!» ይለኛል። ጉልበቴን ይዤ ወደቅኩ። «ይኸው! ይሄ ነው!» ብሎ እንደ ሕፃን ጮኸ። ቸርኬውን አውርዶ አስተካከለውና መልሶ ገጠመ፤ ከዚያ «እሷን ይዘህ ሰፈሩን ዙር፤ እትዬ፣ ከፋቀ ይጩሁ» ብሎ ላከን። እኔም ስንዞር ጮህኩ፣ ስንቆም ጮህኩ፣ ፍየል ሳይ ጮህኩ። ሽርሽር መቼ አግኝቼ አውቃለሁና!

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ያልተቀመጥኩበት የደምሴ ቸርኬ ከጋራዥ አይወጣም። ታክሲ ቢሆን፣ የዓሣ መኪና ቢሆን፣ የሙሽራ መኪና ቢሆን፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ። በሱ ሰበብ ከተማዋን እንደ ሚኒስትር ዞርኳት። ያገሬ ሴቶች ዛሬ በአንዱ ወንድ መኪና፣ ነገ በሌላው ሲያዩኝ አሙኝ። አንዷ ደፍራ፣ «እትዬ ብርቄ፣ በዚህ ዕድሜ ምን ነካሽ?» አለችኝ። «ምን ላድርግ እህቴ፣ ተፈላጊ ሆንኩ» አልኳት። ሁለት ሳምንት አላነጋገረችኝም፤ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ሾፌሮቹም ነገሩን ለመዱት። «ማማ ተቀምጣበታለች?» ብለው ይጠይቃሉ መኪና ሲገዛዙ፤ ማማ የሚሉት እኔን ነው። ተቀምጣበታለች ከተባለ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዳሂር ልምጣ።

ዳሂር የጫት ነጋዴ ነው፤ ትልቅ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ። በጅቡቲ ጠዋትና ከሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ጫት ያልመጣበትና ጫት የመጣበት ነው ያለው። ጫት የጫነችው ፒካፕ እያንቧረቀች ስትገባ ቢሮ ይዘጋል፣ ሐኪም መርፌውን ያስቀምጣል፣ የተጣላው ይታረቃል። ዳሂር እንግዲህ የዚያች ፒካፕ ጌታ ነው። ሌላው የጫት ነጋዴ መኪናውን የሚያብረቀርቅ ጃንት ሲያለብስበት ቅናት አንጨረጨረው። አራት ቸርኬ በጋሪ ጭኖ መጣ።

«ነገ ጫት ከመድረሱ በፊት ገጥሙልኝ» አለ ለሮብሌ። ደምሴን አላየውም፤ እንደ አንድ የጋራዥ ዕቃ፣ እንደ ክሪክ ነው የቆጠረው።

ደምሴ ጎንበስ ብሎ ቸርኬዎቹን አያቸው። «የትልቁ ጂፕ ናቸው» አለ። «እሳቸው ባለ ስድስት ቀዳዳ ናቸው። ያንተ ፒካፕ ባለ አምስት ቡሎን ነው።»

«አምስት ቀዳዳ ብሳላቸዋ! መሰርሰሪያ የለህም?»

ደምሴ ኖራ አነሳና ቸርኬው ላይ አምስቱን ቀዳዳ ሣለለት። እኔም አየሁት፣ ትሪ ይዤ ቆሜ። አዲሱ ቀዳዳ አሮጌው አፍ ላይ ነው የሚወድቀው። ሁለቱ ተያይዘው አንድ ትልቅ አፍ ይሆናሉ፤ ዳዶው ምን ላይ ይነክሳል? «ብረት ሰሌዳ አውጥቼ በመሀል ላስገባ እችላለሁ» አለ ደምሴ። «ቶርኖ ይፈልጋል፣ ሳምንት ይፈልጋል። እስከ ነገ ግን አይሆንም።»

«ማን ያየዋል?» አለ ዳሂር። «ክዳን አለው አይደል? ከላይ ክዳኑን ትደፍንበታለህ፣ ያበራል፣ አለቀ።»

«ክዳኑ አይደለም መኪና የሚሸከመው።»

ሮብሌ ደምሴን በክርኑ ጎሸመው። «ሥራለት» አለው በአማርኛ፣ ዳሂር የማይሰማ መስሎት። ዳሂር እንኳን አማርኛ፣ የደምሴን የሆድ ጩኸት ይሰማል። ሮብሌም ቀጠለ፤ «ይሄ ሰው ከተቀየመኝ ማታ ምን እቅማለሁ? ካልሠራህለት እኔም አላውቅህም። ፖሊስ ሲመጣ ‹የት ነው የማውቀው?› ነው የምለው።»

ይኸው እንግዲህ። ቢሠራ ሰው ሊሞት ነው፤ ባይሠራ አገሩ ሊነጠቅ ነው። ግንባሩ ላይ ጥቁሩ ቀለም መውረድ ጀመረ። ያን ቀን አልሳቅኩበትም።

ዳሂርም ነገሩን ሊያቀል ፈልጎ ወደኔ ጠቆመ። «ከፈራህ ይቺን ሐበሻ ከኋላ አስቀምጠህ ሞክረው። ሥራዋ አይደል?»

ደምሴ ቀና አለ። «እሷ ዛሬ አሟታል» አለ።

እኔ ደግሞ ያን ጠዋት ሰባት ሳምቡሳ በልቼ እንደ በሬ ነኝ! «ማን ነው የታመመው? አፍህ ይቆረጥ! ደህና ነኝ እኮ!» አልኩ፣ ትሪውን እያንኳኳሁ።

«አሟታል» አለ እንደገና። «ነገም ያማታል። በነዚህ ላይ መቼም አትቀመጥም።» ኖራውን ወርውሮ ሄደ። ዳሂር ቸርኬዎቹን በጋሪ ጭኖ እየተራገመ ወጣ። ሮብሌ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደምሴን አላናገረውም።

በሁለተኛው ቀን የዳሂር ፒካፕ እግሯ እያብረቀረቀ ስታልፍ አየናት። ዋራበሌ ሰፈር ያለ የአጎቱ ልጅ ነው አሉ የበሳለት። ክዳኑም ተደፍኗል፣ ያምራል። ደምሴ አይቶ ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን ጫቱ ሊመጣ ሆነ። ከተማው በሙሉ ጆሮውን ጫት ወደሚገባበት ወደ ባልባላ አቁሟል። ከባልባላው ቁልቁለት ሥር ጫት ሻጮቹ ሴቶች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ የጫት መሸፈኛ ጨርቃቸውን አርጥበው ይጠብቃሉ። ኋላ እነሱ እንደነገሩኝ ነው። ከላይ የሚያበራ ነገር ይመጣል። «ደረሰ! ደረሰ!» ብለው ብድግ አሉ። ደረሰ፤ የደረሰው ግን ቸርኬው ብቻውን ነው! መኪና የለ፣ ሾፌር የለ፣ ጎማውን እንዳጠለቀ እየተንከባለለ በመሀላቸው አልፎ አንድ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሴቶቹ ዞረው ወደ ላይ ቢያዩ ፒካፗ በሦስት እግሯ አሸዋ ውስጥ ተኝታለች፣ ሾፌሩ አንድ ጫማውን ይፈልጋል፣ ጫቱ ፀሐይ ላይ ተበትኗል።

አንድ ሰው አልተጎዳም። ሰው ቢጎዳ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ጫት ነው የዘገየው! የዳሂር ጫት ፀሐይ ላይ ጠወለገ፤ የዚያኛው ነጋዴ መኪና ደግሞ ያን ቀን ገና መንገድ ላይ ናት። ከተማው አበደ። ባል ሚስቱን ሰደበ፣ ባንክ ውስጥ ተደባደቡ አሉ። አጥፊ መገኘት ነበረበት። ዳሂር የአጎቱን ልጅ አይከስ! «ያ ሐበሻ ነው፤ ደምሴ ቸርኬ ነው የገጠመልኝ» አለ።

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ደምሴን ከቶርኖው ላይ አነሱት። ወደ ሮብሌ ሮጥኩ። ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ ራሱን በሻሽ አስሮ ያቃስታል።

«ሮብሌ፣ ተነስና ደምሴ አልገጠመም በል!»

«ማማ፣ ጫት ካልመጣ እኔ ራሴን አላውቀውም፣ እንኳን ደምሴን። ነገ።»

«ነገ ድንበር ላይ ነው የሚገኘው!»

«ነገ፣ ማማ፣ ነገ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ብቻዬን ሄድኩ። ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ሰው ተኮልኩሏል፤ የጫት አጥፊውን ሊያይ። አለቃቸው፣ ሼፍ ነው የሚሉት፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ በመዳፉ ዓይኑን ያሻል። እሱም የጫት ሰዓቱ አልፎበታል። ደምሴ ጥግ ቆሟል፣ ቀለሙ አገጩ ደርሷል። ዳሂር በወንበር ተቀምጧል።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለኝ ሼፉ።

«መሞከሪያው ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ሼፍ፣ ይሄ ሰው የገጠመው ቸርኬ ላይ ሁሉ መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከተማው ያውቃል። በዚህ ሰውዬ ፒካፕ ላይ አልተቀመጥኩም። ስለዚህ ደምሴ አልገጠመውም።»

ዳሂር ሳቀ። «ይሄ ምን ማስረጃ ነው?»

ሼፉ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ደጅ ላለው ሕዝብ በሱማልኛ ጮኸ፣ «ይቺ ማማ በዳሂር ፒካፕ ስትሄድ ያየ አለ?»

«የለም!» አለ ሕዝቡ። አንድ ባለ ታክሲ አንገቱን በመስኮት አስገባ። «ዋላሂ ሼፍ፣ ተቀምጣበት ቢሆን እንሰማ ነበር። ትጮሃለች እኮ! ባለፈው በኔ ታክሲ ሄዳ ግማሽ ሰፈር እሳት ተነሳ ብሎ ወጥቷል።» ሌላው ደግሞ ከኋላው፣ «እሷ ያልተቀመጠችበት የደምሴ አይደለም!» አለ። ዳሂር ሳቁ ቀረ።

ሼፉ ወደ ደምሴ ዞረ። «አንተ» አለው። «አንድ ነገር አልገባኝም። ክብደት ከሆነ የፈለግከው፣ ለምን ሲሚንቶ አትጭንም? ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አይበቃም? ለምን ሰው?»

እኔም ጠይቄው አላውቅም ነበር። መልሱን የማውቅ መስሎኝ፤ ወፍራም ስለሆንኩ ነዋ!

ደምሴ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «ለሲሚንቶ ማን ይጠነቀቃል ጌታዬ? እጅ ይሰንፋል፤ ይበቃል ይላል። እሷ ከኋላ እንደምትቀመጥ ካወቅኩ ግን ዳዶውን አጥብቄ እመለስና እንደገና አጠብቃለሁ።»

ሼፉ አፉን ሊከፍት ሲል ከሩቅ ጡሩምባ ተሰማ። ያኛው ነጋዴ ደረሰ! ደጁ ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነነ። ሼፉ ኮፍያውን አነሳ፣ ዳሂርን «አንተ ነገ ከአጎትህ ልጅ ጋር እፈልግሃለሁ» አለው፣ ለኛ ደግሞ እጁን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወናጨፈ። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ወደ ጋራዣችሁ ሂዱ!» ፖሊሶቹም ተከትለውት ወጡ። የጣቢያው በር ተከፍቶ እኛና አንድ ማራገቢያ ቀረን።

መንገድ ላይ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የጋራዡ በር ጋ ስንደርስ ሮብሌ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፊቱ በርቶ ቆሟል። «የኔ ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እኔም ወደ ደምሴ ዞርኩ። «አንተ ደምሴ፣ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ለውፍረቷ ነው እያስባልክ ስሜን ስታጠፋ ነው የኖርከው?»

«ውፍረቱም አለ እትዬ» አለ፤ አገጩን በእጅጌው ጠረገና ወደ ቶርኖው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን ቀነስኩ ብል ውሸት ነው። ጨመርኩ እንጂ። ምን ቸገረኝ፣ ያኔ ዳዶ የሚያጠብቅልኝ ሰው ነበረኝ።